ከቀኝ ወደ ግራ የሄደው ዕጢ

ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በልግ ነበር። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። አዋሽ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አፉን ዘግቶ ይውላል። የሻይ ቤቱ ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው ይውላሉ። ጎረቤቴ፣ "ዘንድሮ በቀን የሚበላ ፍየል ብቻ ነው" ትል ነበር።

የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ወረቀት እቀበላለሁ፤ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ በየፋይሉ አስቀምጠዋለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሴት፣ "ያላነበብሽውን ወረቀት አታስቀምጪ፤ በኋላ ስትፈልጊው አታገኚውም" ብለውኝ ነበር። እስከ ዛሬ አነባለሁ።

አንድ ልጅ አለችኝ። አባቷ ዳዴ ስትል ዐረፈ። በዚያ በልግ ግን ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ሰመራ በአንድ ቢሮ ተቀጥራ ትሠራለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ እኔም እሺ ብዬ፣ ሠርጓ ለግንቦት ተቆርጦ ነበር።

የቅድስት እሑድ ለሁለት ቀን እኔ ዘንድ መጥታ አብረን ቅዳሴ ቆመን ነበር። ወንጌል ሲነበብ ትከሻዬን ያዘች። ዞር ስል ፊቷ ነጥቷል። ወዲያው ተንሸራታ ወደቀች። ሴቶች ደግፈው ወደ ዛፍ ጥላ አወጧት። አንዷ ፊቷን በውኃ እያበሰች፣ "ጾሙ ነው፤ የዛሬ ልጆች አቅም የላቸውም" አለች።

"ሙቀቱ ነው እንጂ" አለች ሌላዋ።

ሁለቱንም አመንኩ። ጾሙም ሙቀቱም ነበሩና።

ቤት ወስጄ አስተኛኋት። የቀሚሷን መቀነት ሳላላ መዳፌ ሆዷ ላይ አረፈ። ከእምብርቷ በታች፣ በቀኝ በኩል፣ ጠጣር ነገር ነካሁ። እጄን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩ። አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው። "እኔ እንጃ፣ እማ። አንዳንዴ አገኘዋለሁ፤ አንዳንዴ አጣዋለሁ።"

"መቼ ጀመረሽ?"

"ጥጋብ ነው ብዬ ትቼው ነበር።"

"በጾም ምን ጥጋብ አለ?" አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሰኞ ጠዋት እዚያው አዋሽ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ሊያያት ሲል፣ "ውኃ ጠጥታለች?" ብሎ ጠየቀ። "ጾም ላይ ናት" አልኩ። እንዲያው አያት። ደሟንም አስመረመረ። ደሟ በጣም አንሷል። የብረት ኪኒን ሰጣትና ወረቀት ጻፈልን። "በማህፀን አካባቢ ዕጢ አለ፤ ከእንቁላል ማምረቻዋ የተነሣ ይመስለኛል። ትልቅ ሆስፒታል ሄዳችሁ የማህፀን ሐኪም ይያት" አለን።

ሥራዋ ሰመራ ስለሆነ እዚያው እንድትታይ ተስማማን። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና በማግሥቱ አብሬያት ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አብዛኛው ሰው ጾመኛ ነው፤ ገዋኔ ላይ ማንም ለምሳ አልወረደም። ሾፌሩ፣ "እንደ ዛሬ ቶሎ ገብቼ አላውቅም" አለ።

ልጄ የምትኖረው ከአንዲት የወሎ ሴት ግቢ ተከራይታ ነው። ሴትዮዋ በእኔ ዕድሜ ያሉ ናቸው፤ በአዘቦት ቀን ቁርስ ቤት አላቸው፤ በረመዳን ግን ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ብቻ ይጠብሳሉ። በመጀመሪያው ቀን ልጄ ተኝታ ሳለ ግቢው ጥግ ወስደው በሹክሹክታ አነጋገሩኝ።

"እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ፊቷ ገርጥቷል፤ ሆዷን ትይዛለች። ነገሩ ሌላ ነገር አይደለም አይደል?"

"ምን ሌላ ነገር?"

"የግንቦቱን ሠርግ ያልጠበቀ ነገር።"

"አይደለም" አልኳቸው። "ዕጢ ነው።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ምነው የጠረጠርኩት በሆነ" አሉ። እኔም በልቤ እንደዚያ ሳልመኝ አልቀረሁም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘናቸው የማህፀን ሐኪም ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ልጄን፣ "አግብተሻል?" አሏት። እኔ ቀደምኳት። "አላገባችም። ልጃገረድ ናት።"

"እንግዲያው ከሆድ በላይ ብቻ ነው የምናያት" አሉ። "በታች በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ አለ፤ እሱ አጥርቶ ያሳያል። ለልጃገረድ ግን አናደርገውም። ውኃ በደንብ ጠጥታ ፊኛዋ ሲሞላ ከላይም ደህና ይታያል።"

አልትራሳውንድ ክፍሉ በር ላይ ተራ የምታስይዝ ነርስ አለች። ሻሿን እስከ ግንባሯ አስራለች። "አንድ ሊትር ውኃ ትጠጣና ሽንቷ ሲመጣ ጥሩኝ" አለች።

"ጾመኛ ናት" አልኳት። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አትቀምስም።"

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ነርሷም አየችን። ከንፈሯ ደርቋል። "እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ይገባኛል" አለች። "ግን ባለሙያው ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል። በቃ እንዲሁ ትግባ።"

አመሰገንኳት። ከልቤ ነው ያመሰገንኳት። ሁለት ጾመኞች ተግባብተን ልጄን ፊኛዋ ባዶ እንደሆነ አስገባናት።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ውጤቱን ይዘው ጠሩን። "ዕጢው ጠጣር ነው፤ ውኃ የቋጠረ አይደለም" አሉ። "ከኦቫሪ፣ ከእንቁላል ማምረቻዋ ማለቴ ነው፣ የተነሣ ይመስላል። መውጣት አለበት። ከፍተን ስናይ መልኩ ካላማረን ግን…" ብለው ልጄን አዩ። "ሁለቱንም ኦቫሪ፣ ምናልባትም ማህፀንሽን ልናወጣ እንችላለን። አስቀድመሽ ማወቅ አለብሽ። ፈቃደኝነትሽን እዚህ ላይ ትፈርሚያለሽ።"

ወረቀቱን አቀረቡላት። እስክሪብቶውን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። "ዛሬ ልፈርም?" አለች።

"እስከ ሰኞ አስቢበት። ማክሰኞ ቀዶ ሕክምና አለን።"

በባጃጅ ስንመለስ ነፋሱ ይጋረፋል። ልጄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "እማ፣ ከወጣ ለእሱ ምን እለዋለሁ?" አለችኝ። እጮኛዋን ማለቷ ነው።

"ሳይወጣ አትንገሪው።"

"ሳላገባ ነው መንገር ያለብኝ።"

እውነቷን ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ከበላን በኋላ የሕክምና ወረቀቶቿን ሰብስቤ ፋይል ውስጥ ማስገባት ጀመርኩ። እጄ ሥራ ሲያገኝ ልቤ ይረጋል። የአዋሹን ከታች፣ የሰመራውን ከላይ አደረግሁ። ከማስቀመጤ በፊት እንደ ልማዴ አነበብኳቸው። የሐኪም እንግሊዝኛ አልችልም፤ ቀኝና ግራን ግን ስንት ዓመት በመሥሪያ ቤታችን ካርታና ፕላን ላይ ሳነብ ኖሬያለሁ። የአዋሹ ቀኝ ይላል። የሰመራው ግራ ይላል።

እንደገና አነበብኩ። የሁለቱም ልክ አንድ ነው፤ ከሎሚ ከፍ ይላል፣ ከብርቱካን ያንሳል። ቦታው ብቻ ተለያይቷል።

"አንቺ" አልኳት፤ "ዕጢው የት ነው ያለው?"

"ሆዴ ውስጥ ነዋ።"

"በየት በኩል?"

ዳሰሰች። "አሁን እዚህ ነው" አለች። ግራዋን ያዘች።

እሑድ ዕለት እኔ የዳሰስኩት በቀኝ ነበር። ሐኪም ቢሳሳት የእኔ መዳፍ አብሮት አይሳሳትም። "ጋደም በይ" አልኳት። "በቀኝሽ ዙሪ።"

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ዝም ብለሽ ዙሪ።"

በቀኝ ጎኗ ተኛች። እጄን ከሆዷ ሥር አስገብቼ ጠበቅሁ። በዝግታ መጣ። ከረጢት ውስጥ ያለ ፍሬ ከረጢቱ ሲያዘነብል እንደሚወርድ ወርዶ መዳፌ ላይ ተቀመጠ። "አሁን በግራሽ" አልኳት። ዞረች። ሄደ። በሌላ እጄ ተቀበልኩት። በጀርባዋ አስተኝቼ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ከእምብርቷ በላይ ወጣ።

ፈርቼ ነበር። ግን ከፍርሃቴ በላይ ምን እንደሆነ ማወቅ አማረኝ። ሦስት ጊዜ አዟዟርኳት።

"እማ፣ ሊጥ አደረግሽኝ እኮ" አለችኝ።

የቤቱ ባለቤት ሳምቡሳ ይዘው ገቡ። "የምስር ነው፤ ያንቺንም ጾም አስቤ ነው" አሉኝ። እጄን የልጄ ሆድ ላይ ሲያዩ ቆሙ። የሆነውን ነገርኳቸው።

"ይሄዳል?"

"ይሄዳል።"

"ወላሂ፣ ማህፀን ላይ የበቀለ ነገር እንዴት ይሄዳል? ሥር የለውም እንዴ?"

"እኔም እሱን ነው ያልኩት" አልኳቸው።

"ነገ ዶክተሩን ጠይቂያቸው።"

"ሐኪም እንዲህ ብሎ ይጠየቃል?"

"ምን ይሉሻል? 'ያልተማርሽ' ቢሉሽ ነው። አብሽሪ፤ እኔን ሁሉም ሰው ይለኛል፤ እስካሁን አልሞትኩም።"

በማግሥቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ልጄን ይዤ ሐኪሙ በር ላይ ቆምኩ። ፊት ለፊታቸው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ይኸኛው ቀኝ ይላል፤ ይኸኛው ግራ ይላል።"

"አይቼዋለሁ" አሉ። "ከአዋሽ የመጣው ተሳስቶ ነው ብዬ ነው የተውኩት። ቀኝና ግራ አንዳንዴ ይምታታል።"

"እኔም በእጄ ዳስሼዋለሁ። በቀኝ ስትተኛ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በግራ ስትተኛ ወደ ግራ። ከእምብርትም በላይ ይወጣል።"

ከወረቀቱ ቀና አሉ። "ከእምብርት በላይ?"

"አዎ።"

"ማን ነው የገፋው?"

"እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።"

አልተቆጡም። ልጄን አልጋው ላይ አስተኝተው ራሳቸው አገላበጧት። እጃቸው ከእኔ እጅ ይልቅ ፈጥኖ አገኘው። ደጋግመው ወደ ላይ ወደ ታች አደረጉት። ከዚያ ተቀመጡ። "ኦቫሪ በጅማት የታሰረ ነው" አሉ። "የኦቫሪ ዕጢም አንዳንዴ ይወዛወዛል፤ ይሄን ያህል መሄዱ ግን አልተለመደም። በየሐሙሱ አንድ የራጅና የአልትራሳውንድ ስፔሻሊስት ይመጣል፤ ዛሬ አለ። እሱ ሳያያት አልከፍታትም።"

ስፔሻሊስቱ ወጣት ነው። ሁሉንም ሴት "ማዘር" ይላል። መሣሪያውን ሆዷ ላይ አሳርፎ ገና ሳይጀምር አነሣው። "ማዘር፣ ውኃ አልጠጣችም እንዴ? ፊኛዋ ባዶ ነው።"

"ጾመኛ ናት" አልኩ።

"ባለፈውም እንደዚህ ነበር የታየችው?"

"እንደዚህ ነበር።"

"በአዋሽስ?"

"በአዋሽም።"

እጁን አጣምሮ አየኝ። "ይዩ፣ ማዘር። ፊኛ ሲሞላ አንጀትን ወደ ላይ ያነሣልናል፤ ማህፀንና ኦቫሪ እንደ መስኮት ወለል ብለው ይታያሉ። ባዶ ሲሆን ሁሉም ተደራርቦ ነው የሚታየው። እስካሁን ኦቫሪዎቿን ያየ ሰው የለም። ዕጢው ነው የታየው፤ ያለበት ቦታ የኦቫሪ ቦታ ስለሆነ የኦቫሪ ነው ተባለ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብትጠጣ?"

"ዘጠኝ ሰዓት እኔ መንገድ ላይ ነኝ።"

ልጄ አልጋው ላይ ሆና ታየኛለች። ወደ ኮሪደር ወጥቼ አዋሽ ላሉት የነፍስ አባታችን ደወልኩ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ታማለች አይደል?" አሉኝ።

"ታማለች፣ አባ።"

"ታዲያ ታማሚን ማን ጹሚ አላት? ውኃውን ትጠጣ። ኪኒኗንም በሰዓቱ ትዋጥ። ከእሑድ ጀምሮ ነው ያልጠየቅሽኝ?"

"ይፍቱኝ፣ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። አሁን ስልኩን ዝጊና ውኃ ግዢ።"

ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ጠጣች። ያቺው ነርስ በአጠገባችን ስታልፍ አየችን፤ ወደ ጠርሙሱ አንድ ጊዜ አይታ ፊቷን አዞረች። "አታሳዪኝ እባክሽ፤ ገና አራት ሰዓት ነው" አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ለብዙ ቀን ያልሳቅነውን ነው የሳቅነው።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይተን ገባን። ወጣቱ ሐኪም መሣሪያውን አስቀመጠ፤ ወዲያው፣ "እህ" አለ። "ማዘር፣ ይምጡ።" ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። "ይቺ ጥቁሯ ፊኛዋ ናት። ከኋላዋ ያለው ማህፀኗ ነው። እዚህ ጋ፣ ይቺ አንዷ ኦቫሪ። አሁን ወደዚህ ስንሄድ…" ጥቂት ፈለገ። "ይቺ ሁለተኛዋ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ማንም አልነካቸውም።"

ሁለት የለውዝ ፍሬ የሚያህሉ ጥላዎች ናቸው። በውስጣቸው ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። የልጅ ልጆቼ ካሉ ያሉት እዚያ ነው ብዬ አሰብኩ። አማተብኩ። ሐኪሙ ያየኝ አልመሰለኝም።

"ዕጢውስ?" አለች ልጄ።

"እሱ ፊኛሽ ሲሞላ ቦታውን ለቆ ወጥቷል። እዚህ ነው" አለና ከእምብርቷ በላይ አስቀመጠው። በግራ አስተኛት፤ በቀኝ አስተኛት። ዕጢው በሄደበት ስክሪኑ ላይ ተከተለው። ከዕጢው ጋር የሚሄድ ሌላ ነገርም ነበር፤ እንደ ቱቦ ያለ፣ ራሱን እያጠበበና እያሰፋ የሚንፏቀቅ። "ይሄን ይመልከቱ። አንጀቷ ነው። ዕጢው የተጣበቀው እሱ ላይ ይመስለኛል። ቀጭን አንጀት ሜዳ ላይ የተዘረጋ አይደለም፤ ከጀርባ በኩል እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። መጋረጃው ሲወዛወዝ አብሮ ይወዛወዛል።"

"እንዲህ ያለ ነገር ይገጥማል?" አልኩት።

"ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሲገጥምም ከኦቫሪ ጋር ይምታታል፤ በዚህ ሥራ የታወቀ ነገር ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚታወቀው ሆድ ከተከፈተ በኋላ ነው።"

ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰገራሽ ጠቁሮ ያውቃል?" አላት።

"አያውቅም፤ አሁን የብረት ኪኒን ስለምትወስድ ብቻ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ማዘር፣ እሷ ትንገረኝ።"

ልጄ ኮርኒሱን እያየች፣ "ከጥምቀት ወዲህ" አለች። "ኪኒኑን ሳልጀምር።"

ጥምቀት ማለት ሁለት ወር ነው። አልነገረችኝም። እኔም እንዲህ ያለ ነገር የሚነገረኝ እናት አልነበርኩም። ሐኪሙ ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ። "ዕጢው ወደ አንጀት ውስጥ ሲደማ ነው" አለ። "ደሟ ያነሰው፣ የወደቀችውም ለዚህ ነው።"

ቤተ ክርስቲያን ጓሮ የሰማሁትን አስታወስኩ፤ ጾሙ ነው፣ ሙቀቱ ነው። ጾሙን እወደዋለሁ። ነገር ግን በዚያ ወቅት የልጄን ሕመም ሁሉ እሱ ላይ አሳብቤ ነበር።

የማህፀን ሐኪሙ አዲሱን ወረቀት አንብበው ያልተፈረመውን የፈቃድ ወረቀት ቀደዱት። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጠሩ፤ ሁለቱ አብረው እንዲገቡ ተስማሙ። አዲሱ ወረቀት ላይ አንጀት የሚል ተጻፈ። "ሆድ ሳይከፈት ምንም ነገር እርግጥ አይደለም" አሉን። "ግን አሁን የምንሄድበትን እናውቃለን። ኦቫሪሽን የምንነካው ዓይናችን አይቶ የግድ ከሆነ ብቻ ነው።" ልጄ ፈረመች። እጮኛዋም ሰምቶ ደም ለመስጠት መጣ። ምን እንዳለችው አልጠየቅሁም። ሲወጣ ግን ጫማዬን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ከልክዬ ቀና አደረግሁት።

ማክሰኞ ጠዋት አስገቧት። የቤቱ ባለቤት አብረውኝ ተቀመጡ። እሳቸው በመቁጠሪያቸው፣ እኔ በመቁጠሪያዬ። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

"ያንቺ ስንት ነው?"

"መቶ ሃምሳ።"

"የኔ ዘጠና ዘጠኝ ነው። ታዲያ ቀድሜ እጨርሳለሁ።"

"ጨርሰው ይድገሙት" አልኳቸው።

ቀትር ካለፈ በኋላ የማህፀን ሐኪሙ ወጡ። ጭንብላቸውን አውርደው በመጀመሪያ የተናገሩት ይሄን ነው፦ "ማህፀኗም ሁለቱም ኦቫሪዎቿም ጤነኛ ናቸው። አልነካናቸውም። የኔ ሥራ ማየት ብቻ ነበር።"

የቤቱ ባለቤት ክንዴን ያዙኝ። "አልሐምዱሊላህ በይ፣ ወይ የራስሽን በይ፤ ብቻ የሆነ ነገር በይ" አሉኝ።

"ተመስገን" አልኩ።

ዕጢው ከቀጭን አንጀቷ ግድግዳ ላይ ወደ ውጭ በቅሎ ተንጠልጥሎ ነው የተገኘው። ከአንጀቷ ትንሽ ቆርጠው መልሰው ሰፍተውታል። "ምን ዓይነት እንደሆነ ግን በዓይን አይታወቅም" አለ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ። "ናሙናው በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። እዚህ የሚያይ የለም፤ አዲስ አበባ ይሄዳል። የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው።"

"እኔ አደርሳለሁ" አልኩት።

ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ የፕላስቲክ ዕቃ አመጡልኝ። ውስጡ ፎርማሊን የሚባል ውኃ አለ፤ ዕቃው ላይ የልጄ ስምና ዕድሜ ተጽፏል። "እንዳይገለበጥ፤ ፀሐይ እንዳይመታው፤ እንዳይከፈት" አሉኝ። ደረሰኝ እንደምቀበል ሁሉ ስሟን አነበብኩ። ትክክል ነበር።

ውጤቱን አስቀድሜ ልናገር። ከፋሲካ በኋላ ነው የመጣው። ከአንጀት ግድግዳ የሚነሣ፣ ብዙ ጊዜ የማይገጥም ዕጢ ነው፤ በእንግሊዝኛ በአራት ፊደል ይጻፋል። ሊከፋ የሚችል ዓይነት ነው አሉን። የልጄ ግን ትንሽና ዘገምተኛ ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉም ስለወጣ፣ ክትትል ብቻ ታዘዘላት። እስከ ዛሬ በየጊዜው ትታያለች። ንጹሕ ነው ይሉናል። ሠርጉ ከግንቦት አልፎ በጥር ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ ታሪክ ነው፤ እሷ ትንገረው።

ያን ቀን ማታ ግን ይሄ ሁሉ አልታወቀም። ልጄ ከማደንዘዣው ስትነቃ ከንፈሯን ለማራስ ጥጥ በውኃ ነክሬ አቀረብኩላት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ "አሉ?" ብላ ነው። "ሁለቱም አሉ" አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ተኛች።

በማግሥቱ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ነበርኩ። የቤቱ ባለቤት ሱሑራቸውን በልተው ሆስፒታል ሄደው ከልጄ አጠገብ ተቀምጠዋል። ዕቃውን በፎጣ ጠቅልዬ በፌስታል አድርጌ ይዣለሁ። ሾፌሩ ሻንጣ ወደ ላይ እያስጫነ፣ "ማዘር፣ ያ ፌስታል ይጫን?" አለኝ።

"አይጫንም። እይዘዋለሁ።"

"የሚሰበር ነው?"

"አዎ።"

ከጎኔ አንድ ሸምገል ያሉ አፋር ተቀመጡ። በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። ሎግያን ስናልፍ ጎሕ ቀደደ። ሚሌ አካባቢ፣ "ማር ነው?" አሉኝ።

"አይደለም። ከልጄ ሆድ የወጣ ነው። ሊመረመር ነው የምወስደው።"

ፌስታሉን አዩት። "ልጅሽስ?"

"ደህና ናት።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና በትራቸውን ወደ ሌላኛው ጎን አዛወሩ፤ እግራቸውንም ሰብሰብ አድርገው ለፌስታሉ ቦታ ለቀቁለት። ገዋኔ ሲወርዱ "አላህ ይማራት" ብለውኝ ወረዱ።

ብቻዬን ስሆን ፎጣውን ገለጥ አደረግሁ። ማየት ፈልጌ ነበር። በፕላስቲኩ በኩል ግራጫ፣ ድቡልቡል፣ ጎኑ ላይ ቁራጭ አንጀት የያዘ ነገር ታየኝ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይላል። ብዙ አየሁት። አልጠላሁትም። ከዚያ ፀሐይዋ በመስኮቴ ስለገባች መልሼ ሸፈንኩት።

ረፋድ ላይ አዋሽ ደረስን። መኪናው ቆሞ ሰዎች ወረዱ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ "ማዘር፣ አዋሽ ነዎት አላሉኝም ነበር?" አለኝ።

"ነኝ" አልኩት። "ዛሬ ግን አልወርድም።"